ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ቤታችን ውሻ

ቀድሞ በአባቶቻችን ዘመን ትምህርት ከላይ ወደ ታች እንደሚወርድ ውሃ ነበረ፤ አባት ይናገራል፤ ልጅ ይሰማል። በዛሬው ዘመን ግን ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በደብተራቸው ይዘውት የሚመጡት ነገር ብዙ ጊዜ ወላጁን የሚያስተምር፤ አንዳንድ ጊዜም የሚያሳፍር ሆኖ ይገኛል። ይህን የምለው በሌላ ሰው ቤት የሆነውን ሰምቼ አይደለም፤ በራሴ ቤት ያየሁትን ነው። ነገሩ የአንዲት ልጅ የትምህርት ቤት ሥራ ስለ ሆነ ለጋዜጣ የማይበቃ መስሎ ይታይ ይሆናል። ዳሩ ግን ከቤታችን ደጃፍ ተነሥቶ እስከ አገር ጉዳይ የሚደርስ ሆኖ ስላገኘሁት፤ ሌሎችን አባቶችና እናቶች ይጠቅም ዘንድ እንዲህ ጽፌዋለሁ።

ልጄ የ13 ዓመት ልጅ ናት። የሰባተኛ ክፍል የሳይንስ መምህራቸው ለተማሪዎቹ አንድ ሥራ ሰጧቸው፤ ሥራውም አራት ክፍል ነበረው። መጀመሪያ፤ እያንዳንዱ ተማሪ በአገራችን ካሉት አራዊትና አዕዋፍ ሊጠፉ ከተቃረቡት አንዱን መርጦ መልኩንና ጠባዩን ይጻፍ። ሁለተኛ፤ ያ እንስሳ የሚኖርበትን ስፍራና ከርሱ ጋር የሚኖሩትን ፍጥረታት ይዘርዝር፤ በካርቶንና በጭቃም ሠርቶ ያሳይ። ሦስተኛ፤ ከዚያ ስፍራ የመጣ አንድ ዕቃ ከገዛ ቤቱ ፈልጎ ያምጣ። አራተኛ፤ እንስሳውን የሚያጠፋው ማን እንደ ሆነ ከነማስረጃው ይናገር።

ከክፍሏ ልጆች አንዳንዶቹ በስሜን ተራራ ብቻ የሚገኘውን ዋልያ፤ አንዳንዶቹም በባሌና በአርሲ የሚኖረውን የደጋ አጋዘን መረጡ። እርሷ ግን ቀይ ቀበሮን መረጠች። ምክንያቷን ብጠይቃት፤ «በእማማ አገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ፤ እርስዎም በልጅነትዎ አይተውት ይሆናል» አለችኝ። በውነቱ አይቸዋለሁ። ትውልዴ መንዝ ነው፤ በልጅነቴም በግ ስጠብቅ፤ ጠዋት ውርጩ ሳይረግፍ፤ እንደ እሳት የቀላ አውሬ በጓሳው መካከል ብቻውን እየተራመደ ሲያልፍ ብዙ ጊዜ ተመልክቸዋለሁ። ነገር ግን አየሁት እንጂ አላወቅሁትም ነበር።

ከጥቂት ቀን በኋላ ከደብተሯ ላይ «ሥነ ምኅዳር» የሚል ቃል አንብባ ትርጓሜውን ጠየቀችኝ። በቄስ ትምህርት ቤት ላለፈ ሰው ይህ ጥያቄ የሚከብድ አይደለም። «ምኅዳር ኀደረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው፤ ማደሪያ ማለት ነው። ሥነ ምኅዳርም የማደሪያውና የአዳሪዎቹ ሁሉ ሥርዓት ነው» ብዬ ነገርኋት። እርሷም ጥቂት አስባ፤ «እንግዲያው ማደሪያውን ያጠፋ ሰው አዳሪውን አጠፋ ማለት ነዋ» አለች። እኔ የነገርኋት ፍቹን ነበረ፤ እርሷ የደረሰችበት ግን ምሥጢሩ ነው።

ከቤት መገኘት ያለበትን ዕቃ ለመፈለግ ብዙ አልደከምንም። አባቴ፤ ነፍሱን ይማርና፤ በክረምት ይለብሳት የነበረች ከጓሳ ሣር የተሠራች ጌሳ በዕቃ ቤት ተሰቅላ ነበር። ጓሳ በደጋው ራስ ላይ የሚበቅል ረጅምና ጠንካራ ሣር ነው። የመንዝ ሰው ቤቱን በርሱ ይከድናል፤ ገመድ ይገምድበታል፤ ከዝናም የሚጠለልበትን ጌሳም ይሠራበታል። ልጄ ጌሳዋን አውርዳ አቧራዋን ካራገፈች በኋላ፤ «ቀበሮው የሚተኛበትና አያቴ የለበሱት አንድ ሣር ነው» ብላ ጻፈች።

አሁን ስለ አውሬው እናገራለሁ። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በየትም አገር አይገኝም። ጀርመናዊው ሊቅ ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራራ ያገኘውን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1840 ዓ.ም. ለሊቃውንት አስታወቀ። ስሙ ቀበሮ ይባል እንጂ፤ የአራዊትን ትውልድ የመረመሩ ሊቃውንት ከቀበሮ ይልቅ ለተኵላ የቀረበ ዘመድ ነው ይላሉ። እግሩ ረጅም፤ አፉ ሾጣጣ፤ ጠጕሩ ቀይ፤ ጕሮሮውና ደረቱ ነጭ ነው። የሚኖረው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህልና ከዚያም በላይ ከፍ ባለ ውርጭማ ደጋ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀረው ሙሉ አካል የደረሰው ቀይ ቀበሮ 500 አይሞላም፤ ከነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ናቸው። የቀሩት በአርሲ፤ በስሜን፤ በወሎና በመንዝ እንደ ደሴት ተለያይተው በቀሩ ደጋዎች ላይ ጥቂት በጥቂት ሆነው ይገኛሉ። በጎጃም በጮቄ ተራራ ይኖር የነበረው ግን ጠፍቷል።

አኗኗሩም የሚያስደንቅ ነው። በመንጋ ይኖራል፤ ድንበሩንም በመንጋ ይጠብቃል፤ ምግቡን ግን እያንዳንዱ ለብቻው ያድናል። ከመንጋው መካከል ብዙውን ጊዜ የምትወልደው አንዲት እናት ብቻ ናት፤ እርሷም በዓመት አንድ ጊዜ ትወልዳለች። ግልገሎቹን ግን መንጋው ሁሉ በአንድነት ይመግባል፤ ይጠብቃልም። ምግቡ ከሞላ ጐደል የደጋ አይጥና ፍልፈል ነው። የበግ ሌባ ነው እያልን ስናማው የኖርን ሰዎች ይህን ልናውቅ ይገባናል፤ በጓሳው የሚያሳልፈው ቀን ሁሉ አይጥ ሲያድን የሚያልፍ ነውና።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርት እግዚአብሔር በስድስት ቀን የፈጠራቸው 22 ፍጥረታት ተብለው ይቈጠራሉ፤ እኛም በልጅነታችን በጣታችን እያጠፍን ቈጥረናቸዋል። እንግዲህ እኛ ፍጥረትን በቍጥሩ ተማርን፤ ልጆቻችን ደግሞ አንዱን ከሌላው ጋር ባሰረው ማሰሪያ ይማሩታል። ሁለቱ ትምህርት የሚጣላ አይደለም፤ የኋለኛው የፊተኛውን ያጸናዋል እንጂ።

ልጄ ይህን ማሰሪያ በካርቶን ላይ በሲባጎ ክር አሳየችው። ጓሳውን ከአይጡ ጋር አሰረች፤ አይጡ ከሣሩ ይበላል፤ በሣሩም ሥር ጕድጓዱን ይምሳልና። አይጡን ከቀበሮው ጋር አሰረች። ከጭላዳ ዝንጀሮም አንድ ክር ወደ ቀበሮው ስትስብ አይቼ፤ ስሕተት መስሎኝ ልነቅፋት ስል የመምህራቸውን ጽሑፍ አሳየችኝ። በዚያው በመንዝ ጓሳ ሊቃውንት ባደረጉት ምርመራ፤ ቀይ ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ100 ሙከራ 67ቱ ይሠምርለታል፤ ለብቻው ሆኖ ሲያድን ግን የሚሠምርለት 25ቱ ብቻ ነው። ይህ ምርመራ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. ታትሟል። ጭላዳዎቹም ቀበሮው በመካከላቸው ሲመላለስ አይደነግጡም፤ እርሱም ግልገሎቻቸውን ትቶ ከአይጡ ላይ ያተኵራል። እኔ በልጅነቴ ሁለቱን በአንድ መስክ ስመለከት እንዲያው የተገናኙ ይመስለኝ ነበር።

ከዚህም በኋላ ልጄ ውሃውን ጨመረች። ጓሳውና ረግረጉ የክረምቱን ዝናም እንደ ስፖንጅ መጥጦ ይይዛል፤ በበጋም ጥቂት በጥቂት ይለቀዋል። ከዚያ ደጋ የሚወርደውም ውሃ በምዕራብ በኩል ወደ ዓባይ፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። እንግዲህ ስለ አንድ አውሬ የተጀመረው ሥራ ቆላ ድረስ ለሚኖረው ገበሬ ውሃ የሚተርፍ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የመንዝ ጓሳ እስከ ዛሬ የቈየው በአጋጣሚ አይደለም። ከአዲስ አበባ በሰሜን ምሥራቅ ወደ 260 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው ይህ ደጋ፤ ከ17ኛው ምዕት ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል የአገሬው ሥርዓት ሲጠበቅ ኖረ። የአስቦና የጌራ ተወላጆች ባለ መብቶቹ ነበሩ፤ አለቃም ይመርጡ ነበር። ሣሩ እንዲያገግም ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ከማጨድና ከማሰማራት ይከለከል ነበር፤ ክልከላውም በሐምሌ አቦ ሕዝቡ በተሰበሰበበት ዕለት ይታወጅ ነበር። የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነኝና የተጻፈ ሕግ በየቀኑ ከእጄ አይጠፋም፤ ነገር ግን በብራና ሳይጻፍ ይህን ያህል ዘመን የተከበረ ሕግ ጥቂት ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በወጣ ጊዜ የቄሮ ሥርዓት ፈረሰ፤ መስኩም ለመጣው ሁሉ ክፍት ሆኖ ተጐዳ። ኋላ ግን የአገሩ ሰዎች የቀድሞውን ሥርዓት መሠረት አድርገው አዲስ ደንብ አቁመው ጓሳቸውን በማኅበር መጠበቅ ጀመሩ። ልጄ ይህን ከአያቷ በቴሌፎን ጠይቃ በደብተሯ ስትጽፍ፤ አያቷ በሕይወታቸው ያልተጠየቁትን የአገራቸውን ሕግ በመጠየቃቸው እጅግ ደስ አላቸው።

እስከዚህ ድረስ ሥራው ደስ የሚያሰኝ ነበረ። ችግሩ የመጣው በአራተኛው ክፍል ነው። ቀይ ቀበሮን የሚያጠፋው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ልጄ ያለ ብዙ ሐሳብ «ሰው በጦርና በጠመንጃ» ብላ ጽፋ ሰጠች። መምህራቸውም በቀይ ቀለም አስምረው፤ «ማስረጃሽ የታለ? ደግመሽ መርምሪ» ብለው መለሱላት። እኔም የርሷ መልስ ትክክል ይመስለኝ ስለ ነበር በመምህሩ አዝኜ ነበር። ሆኖም ደግመን መረመርን።

ያገኘነውም ይህ ነው። ቀይ ቀበሮን ከሁሉ በላይ የሚያጠፉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ማረሻ ነው፤ ሁለተኛው ውሻ ነው። ማረሻው ገብስ እየዘራ በየዓመቱ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀበሮው ግን ወደ ላይ የሚሸሽበት የለውም፤ ከተራራው ራስ በላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነውና። የአየሩ ሙቀት እየጨመረ ሲሄድም ገብሱ የሚበቅልበት ስፍራ ይበልጥ ከፍ ይላል። ከማረሻው ጋር ሰው፤ ከሰው ጋር በግ፤ ከበግ ጋር ውሻ ይወጣል። ውሻውም የእብደትን በሽታና ሌላውንም የውሾች በሽታ ይዞ ይወጣል።

በባሌ ተራሮች የውሻ እብደት በሽታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 እና በ1992፤ ደግሞም በ2003 እና በ2004፤ በ2008 እና በ2009፤ እንደ ገናም በ2014 ዓ.ም. ወደ ቀይ ቀበሮዎች እየተላለፈ ብዙዎቹን ፈጀ። በ2003 ዓ.ም. በተነሣው ጊዜ በዌብ ሸለቆ በሽታው በገባባቸው መንጋዎች ከነበሩት ከ4 እጅ 3 እጅ ያህሉ አለቁ። መንጋው በየጠዋቱና በየማታው ተሰብስቦ አፍ ለአፍ እየተላላሰ ሰላምታ የሚሰጣጥ በመሆኑ፤ አንዱ የታመመ እንደ ሆነ ሁሉንም ያዳርሳል። ያ ፍቅሩ መጥፊያው ይሆናል። ከ2018 ዓ.ም. ጀምሮ ባለሙያዎች ክትባቱን በፍየል ሥጋ ውስጥ ሸሽገው በባሌ ደጋ ሌሊት እየዞሩ ለቀበሮዎቹ ማብላት ጀመሩ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን የበሽታው ምንጭ ውሻው ስለ ሆነ፤ ውሻው ካልተከተበ ቀበሮውን መከተብ ብቻ የሚያፈስ ጣራ ሳይከድኑ ወለል እንደ መጥረግ ያለ ነው።

ልጄ ይህን ሁሉ ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ማታ ራት ላይ ሳለን ቀና ብላ፤ «አባባ፤ የእማማ ውሾች ተከትበዋል?» ብላ ጠየቀችኝ።

መልስ አጣሁ። እናቴ በመንዝ ሦስት ውሾች አሏት፤ ውሾቹ ከበጎቹ ጋር በየቀኑ ጓሳው ዳር ይውላሉ። ከሦስቱ አንዱን ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ከዚህ ከከተማው ቤቴ ቡችላ ሳለ ወስጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። አላስከተብሁትም። ለገጠር ውሻ ክትባት ምን ያደርጋል ብዬ ነበር። ከውሾቹም ጋር የሚውለው፤ ሌሊትም ከአጠገባቸው የሚተኛው የወንድሜ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 9 ዓመት ነው። የውሻ እብደት ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኀኒት የሌለው፤ ሰውን ከሞት የማያስመልጥ በሽታ መሆኑን በዚያው ደብተር ላይ አንብቤ ስለ ነበር፤ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በሳምንቱ ቅዳሜ ልጄን ይዤ ወደ መንዝ ወጣሁ። ከወረዳውም የእንስሳት ሐኪም ለምነን ከነክትባቱ አብረን ሄድን። እናቴ መምጣታችንን ብትወደውም ምክንያቱን አልወደደችውም። «ልጄ፤ ውሻ በመርፌ ከተወጋ ይፈዛል፤ ሌባ ቢመጣም አይጮህም ይላሉ» አለች። እኔ ክርክር ስጀምር ልጄ ቀድማኝ፤ «እማማ፤ ያበደ እንደ ሆነ ግን ከሌባው አስቀድሞ የሚነክሰው የቤቱን ልጅ ነው» አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ጥቂት ቈይታም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «እንዲህ ከሆነስ፤ የልጁን እጅ ተመልከቱልኝ» አለች።

ነገሩን ብንጠይቅ፤ ከአራት ቀን በፊት ልጁ ከውሻው አፍ አጥንት ሊነጥቅ ሲል ውሻው እጁን ነክሶታል። የነከሰውም እኔ የሰጠኋት ነው። ቅጠል ጨምቀው አድርገውበት፤ ቀላል ነው ብለው ትተውት ነበር። የእንስሳት ሐኪሙ ይህን እንደ ሰማ፤ «አሁኑኑ ልጁን ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱ፤ ይህን ውሻ ግን ለብቻው አስራችሁ 10 ቀን ተመልከቱት፤ በነከሰ ጊዜ በሽታው በምራቁ የነበረበት ውሻ 10 ቀን በጤና አይቈይም» አለን። ሁለቱን ውሾች ያን ዕለት ከተበ። ሦስተኛው ታሰረ።

ልጁን ይዘን ሐኪም ቤት ደረስን። ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠቡለት፤ ክትባቱንም ጀመሩለት፤ ቀጠሮውንም ጽፈው ሰጡን። ልጁ ደፋር ነበረና መርፌው ሲወጋው አላለቀሰም፤ «ውሻዬን ትገድሉታላችሁ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ግን አለቀሰ። እኔም ለአንድ የገጠር ውሻ ክትባት ጊዜና ገንዘብ የቈጠብሁ መስሎኝ በአንድ ሕፃን ሕይወት ላይ ዕጣ የጣልሁ መሆኔን ያን ጊዜ በደንብ ተረዳሁት።

ወደ አዲስ አበባ ከተመለስን በኋላ በየማታው ወደ እናቴ ቴሌፎን እደውል ነበር። ስለ በጎቹ፤ ስለ ገብሱ፤ ስለ ጐረቤቱ ሁሉ ከጠየቅሁ በኋላ መጨረሻ ላይ ስለ ውሻው እጠይቃለሁ። ልጄ ከአጠገቤ ሆና ቀኑን በደብተሯ ታሰምራለች። በዐሥረኛው ቀን እናቴ፤ «ውሻህ ዛሬም በላ፤ ጠጣም» አለችኝ። እግዚአብሔርን አመሰገንሁ። የወንድሜ ልጅ ሐኪሙ ያዘዘለትን ፈጸመ፤ ውሻውም ተፈትቶ ተከተበ።

የተማሪዎቹ ሥራ ለወላጆች የሚታይበት ቀን በቀረበ ጊዜ ልጄ ወደ እኔ መጥታ፤ «አባባ፤ በአራተኛው ክፍል እውነቱን ልጻፍ?» አለችኝ። የምትለው ገባኝ። በካርቶኑ ላይ ከቀበሮውና ከጭላዳው ጋር አንዲት ትንሽ የጭቃ ውሻ ሠርታ ነበር። ከዚያች ውሻ የተሳበው አንዱ ክር ወደ ቀበሮው፤ ሁለተኛው ወደ እረኛው ልጅ ይሄዳል። ሦስተኛው ክር ግን ከካርቶኑ ወጥቶ ጫፉ ገና አልታሰረም ነበር። ክሩ ወደ እኛ ቤት መታሰር የሚገባው ነው።

እኔ ዕድሜዬን የምስክር ቃል ሳልጨምርና ሳልቀንስ ስጽፍ የኖርሁ ሰው ነኝ። በሌላው ላይ የተነገረውን ሁሉ ጽፌ በእኔ ላይ የሚነገረው ሲደርስ ብዕሩን አስቀምጪ ልላት አልችልም። «ጻፊው» አልኋት። እርሷም «ጦርና ጠመንጃ» የሚለውን ሠርዛ፤ ከሥሩ «ማረሻና ያልተከተበ ውሻ፤ ከውሾቹ አንዱ ከእኛ ቤት የሄደ ነው፤ አሁን ተከትቧል» ብላ ጻፈች። በዕለቱ ብዙ ወላጆች ቆመው ሲያነቡት በአጠገቡ ነበርሁ። ማፈሬን አልሸሽግም። ነገር ግን አንድ የማላውቃቸው ሽማግሌ አንብበው ሲጨርሱ ወደ ልጃቸው ዘወር ብለው፤ «የእኛስ ውሻ ተከትቧል?» ብለው ሲጠይቁ ብሰማ፤ ኀፍረቴ ከንቱ እንዳልሆነ አወቅሁ።

ከዚህ ሥራ የተማርሁትን ለቤተ ሰብ አለቆች ሁሉ ባጭሩ ላስታውስ።

1ኛ፤ በቤታችሁ ወይም በባላገር ዘመዶቻችሁ ዘንድ ውሻ ቢኖር በየዓመቱ ይከተብ። በአንድ አገር ካሉት ውሾች ከ100 እጅ 70ው የተከተቡ እንደ ሆነ የውሻ እብደት መተላለፊያ እንደሚያጣ ሊቃውንት አረጋግጠዋል።

2ኛ፤ ከከተማ ወደ ደጋ ውሻ የሚልክ ሰው ሳያስከትብ አይላክ። ቡችላው ስጦታ ነው፤ በሽታው ግን ዕዳ ነው።

3ኛ፤ ውሻ ሰውን ቢነክስ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፤ ሳይውሉ ሳያድሩም ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ያስፈልጋል። ቅጠል መጭመቅና ቀላል ነው ማለት አይረዳም። በዓለም ላይ በሽታ ይኖርበታል ተብሎ በሚጠረጠር እንስሳ ከሚነከሱት ሰዎች ከ100 እጅ 40ው ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸውና፤ ልጆች ንክሻን እንዳይሸሽጉ ሳይቈጡ ማስተማር ይገባል።

4ኛ፤ ውሻን ከበጎች ጋር ከማሰማራት በቀር በዱር እንዲዞር አለመልቀቅ። በዱር የሚዞር ውሻ ከቀበሮው ጋር ስለ አይጡ ይሻማል፤ በሽታም ያጋባል፤ በባሌም ከቀበሮው ጋር ተዳቅሎ ዘሩን የቀላቀለበት ጊዜ አለ።

5ኛ፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ጥያቄ ይዘው ሲመጡ በሥራ አመካኝቶ አለመመለስ። መልሱን ባናውቀው አብረን እንፈልገው፤ መልሱ እኛን የሚነካ ቢሆንም እንዲጽፉት እንፍቀድላቸው።

በየመሥሪያ ቤቱ ለሕዝብ ጉዳይ የምትደክሙ አንባቢዎች ሆይ፤ ስለ ደጋ መሬት፤ ስለ ግጦሽና ስለ እርሻ ወሰን የሚመጣላችሁ ወረቀት ብዙ ነው። እኔም ብዙውን በእጄ ገልብጫለሁ። በዚያ ወረቀት ላይ ከሳሽና ተከሳሽ አለ፤ ስማቸውም ተጽፏል። ከጓሳው ሥር ያለው አይጥ፤ አይጡን የሚጠብቀው ቀበሮ፤ ከረግረጉ የሚወርደው ውሃ ግን ባለ ጉዳይ ሆነው አይቀርቡም፤ ጠበቃም የላቸውም። የቀድሞዎቹ የመንዝ አባቶች ይህን አውቀው ለሣር ቀጠሮ ሰጥተውት ነበር። እኛም ከነርሱ ባናንስ ለልጆቻችን የምናወርሰው ነገር ይኖረናል።

አባቴ የለበሳት ጌሳ ዛሬ በዕቃ ቤት የለችም። ልጄ ከትምህርት ቤት መልሳ ካመጣቻት በኋላ በሳሎናችን ግድግዳ ላይ ሰቅላታለች። እንግዳ በመጣ ቍጥር ምን እንደ ሆነች ይጠይቃል፤ ልጄም ስለ ጓሳው፤ ስለ አይጡ፤ ስለ ቀይ ቀበሮው ትነግረዋለች። በመጨረሻም እንግዳው ከመውጣቱ በፊት ውሻ ያለው እንደ ሆነ ትጠይቀዋለች።